ከሲያትል ኦክላንድ፣ ከኦክላንድ ሲያትል

ሲያትል፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017

ውድ የውብዳር፣

እንደምን ሰነበትሽ? አብዮትስ፣ ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ መልሱን ያዘገየሁት ንቄሽ እንዳይመስልሽ። ማለዳ ስኩል ባሴን አሙቄ ስወጣ ጨለማ ነው፤ ከሰዓት ልጆቹን በየቤታቸው አድርሼ ስመለስም ጨለማ ነው። በመካከል ያለችውን ጊዜ ሬኒየር ቢች ኮሚኒቲ ሴንተር አጠገብ አቁሜ መሪው ላይ ተደፍቼ እተኛባታለሁ። ዛሬ እንቅልፌን ትቼ ይኸው እጽፍልሻለሁ።

የሐኪሙን ነገር ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ላልሽው፣ ምክንያቱን አንቺም ታውቂዋለሽ። እማዬ ሳሎን ተቀምጣ እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ባንሾካሹክ ትሰማኛለች። ዓይኗ ደከመ፣ ጉልበቷ ደከመ፣ ጆሮዋ ግን የልጅ ጆሮ ነው። ደግሞ ስልክ ላይ እኔና አንቺ፣ የወንድሜ ሚስት፣ «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ተባብለን ነው የምንዘጋው። በወረቀት ሲሆን ቢያንስ ሌላ ነገር መጻፍ ግድ ይላል።

ሐኪሙ ምን አለ ብለሽኛል። በሳንባዋ ምክንያት አውሮፕላን ከከለከሏት ወዲህ በባቡር ስናመላልሳት ኖረናል፤ አሁን ደግሞ እግሯ ማበጡን አይቶ ይሄም ይቁም አለ። አልፎ አልፎ ለጥየቃ ብትሄድ ግድ የለም፤ ግማሹን ዓመት እኔ ጋ፣ ግማሹን እናንተ ጋ መሆኗ ግን ያበቃል። አንድ ቤት ምረጡላት ነው ያለው። እኔማ እኔው ጋ ትቅር ባይ ነበርኩ። ደክሞሻል ወይ ላልሽው፣ በፍጹም አልደከመኝም። እናት ትከብዳለች እንዴ? ነገር ግን የት መሆን እንደምትፈልግ ስጠይቃት «አብዮት ጋ ልሂድ፣ ልጄ ናፈቀኝ» አለችኝ። እንግዲህ ልጋፋት አልችልም።

ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ዕረፍት ሳያልቅ ይዣት እመጣለሁ። የፈረንጆቹ በዓል አልቆ የእኛ ሳይደርስ እኔ ባሴ ላይ መመለስ አለብኝ፤ እሷ ግን ልደትን ከእናንተ ጋር ትውላለች፣ ከዚያም በኋላ እናንተው ጋ ትኖራለች ማለት ነው። የማይመቻችሁ ነገር ካለ ግን ሳትደብቂ ንገሪኝ።

እህትሽ ማንአልሞሽ


ኦክላንድ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ ማንአልሞሽ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ልጅሽን ማርያማዊትን ሳሚልኝ። የማይመቻችሁ ነገር ካለ ብለሽ መጠየቅሽ ራሱ ቅር አሰኝቶኛል። እማማ ለቤታችን በረከት ናቸው፤ እንኳን ይህችን ታህል ቤት፣ ከዚህም ብትጠብ ለእሳቸው ቦታ አይጠፋም። ሳሎን ያለውን አሮጌውን ሶፋ አውጥተን የሚዘረጋ አስገብተናል። ልጆቹም ከእንግዲህ ኳስ ቤት ውስጥ ላይጫወቱ ቃል ገብተዋል፤ ቃላቸው እስከ መቼ እንደሚቆይ አንድዬ ይወቅ።

አብዮት ምን አለ ትይ ይሆናል፣ በጣም ደስ አለው። ስነግረው ቁርሱን ትቶ ወጣና መኪናው ውስጥ ሞተሩን ሳያስነሳ ብዙ ተቀመጠ። ደስታ ሲበዛበት እንደዚያ ያደርገዋል።

የወገቤን ነገር ሰምተሽ ከሆነ አያሳስብሽ። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አንድ ከባድ ሰውዬ ከአልጋ ሳነሳ ያዝ አደረገኝ፣ ቀበቶ አሰሩልኝ፣ አለቀ። መቼ ትተኛለች ብለሽም አትጨነቂ። ሥራዬ ሌሊት ስለሆነ ቀን ቤት ነኝ፣ እማማም ብቻቸውን አይሆኑም። መተኛት አይጠፋም፣ ይገኛል።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ፤ ቅር እንዳይልሽ። ባለፈው ክረምት እኛ ጋ ሳሉ የሚያነሱት አንቺን ብቻ ነበር። «ማኔ ብቻዋን ናት፣ ልሂድላት» እያሉ ጠዋት ማታ። ልጃቸው ናፍቃቸዋለች ብለን ነው በመስከረም ያመጣሁልሽ። አሁን ደግሞ አብዮት ናፈቀኝ ማለታቸው ገረመኝ። ዕድሜ ሲገፋ እንዲህ ያደርግ ይሆናል።

ምንም ይዘሽ እንዳትመጪ። ያሳደግሽው ወንድምሽ ቤት ነው።

የውብዳር


ሲያትል፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017

ውድ የውብዳር፣

የሚመጣው ሐሙስ ጠዋት ከኪንግ ስትሪት ጣቢያ ተነስተን ዓርብ ማለዳ እናንተ ጋ ነን። እግሯን ወደ ጎን ዘርጋ አድርጋ የምትቀመጥበት ወንበር አግኝቻለሁ። የምትበላው ነገር አያሳስብሽ። ባቡሩ ውስጥ ቅቤ ያልነካው ምግብ ስለማይገኝ ዳቦ ቆሎዋንና በሶዋን አዘጋጅታለች። ሻንጣዋንም ከዘጋችው ሰነበተች። የሚያስፈልጋትን ልብስ ከዚያው ታወጣና አጥባ፣ አጥፋ ትመልሰዋለች።

ማርያማዊት እንዴት ተቀበለችው ትይ ይሆናል፣ ክፍሏን ለብቻዋ ስለምታገኝ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ራት ላይ ቀና ብላ «ሶ፣ አያቴን ኪክ አውት እያደረግናት ነው? እያባረርናት?» አለችኝ። እሱም እማዬ ፊት። ሥርዓት ያዢ ብዬ ተቆጣኋትና እማዬን አየኋት። እንዳልሰማች ሆና ሽሮዋን ትበላለች። እሷ አለመስማት!

ይህን የምጽፍልሽ ገና በማለዳ ባሱ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ዕረፍት ላይ ብሆንም ባሱን ለማጽዳት ብዬ ከቤት ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር የሚጸዳ ነገር የለውም። ብቻ እንዲሁ ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጌ ነው።

በሰላም ያገናኘን።

ማንአልሞሽ


ሲያትል፣ ጥር 2 ቀን 2017

ውድ የውብዳር፣

እንኳን አደረሳችሁ። ለመስተንግዶሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በዚያ ወገብሽ ያን ሁሉ ማዕድ ማቅረብ አልነበረብሽም። እኔ በሰላም ገብቻለሁ። ልደትን የዋልኩት ባሱ ላይ ነው፤ ልጆቹ ከዕረፍት ተመልሰው ሁሉም የተሰጡትን አዲስ ነገር ይዘው ይጮሁ ነበር።

እማዬ ስሟን የምታነሳት ነጂባ ማን ናት ብለሽ ጠይቀሽኛል። ባቡር ውስጥ ከፊታችን የተቀመጡ ሴትዮ ናቸው። ድሬዳዋ ነው ያደጉት፣ ቱክዊላ ይኖራሉ፣ ኦክላንድ ያለ ልጃቸውን ጠይቀው ሊመለሱ ይሄዱ ነበር። ቴምር ሰጧት፣ ጾም እንደማይገድፍ አረጋግጣ በላች። ሲጫወቱ ነው የመጡት። ምን ተጫወቱ ላልሽው፣ እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር፣ ብዙም አልሰማሁ።

ለመደችላችሁ? ትበላለች? ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ማንአልሞሽ


ኦክላንድ፣ ጥር 20 ቀን 2017

ለእትዬ ማንአልሞሽ፣

አትደብቂኝ ስላልሽ ልጽፈው ነው። ከላክሁት በኋላ እንደሚጸጽተኝ አውቃለሁ።

ጠዋት ከሥራ ስገባ እማማ ተነስተው፣ ለብሰው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ ነጠላቸውን ደርበው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። አንሶላው ታጥፏል፣ ሶፋውም ተመልሷል። በዚያ ጉልበታቸው ብቻቸውን እንዴት እንደሚመልሱት አላውቅም። ማንም ሰው እዚያ ያደረ አይመስልም። ሻንጣቸው እንደተዘጋ በር አጠገብ ነው። ውሃ ሲጠማቸው «ልጠጣ?» ይሉኛል። እባክዎ እማማ፣ ቤትዎ ነው እላቸዋለሁ፣ «እሱማ ቤቴ ነው» ይሉኛል፤ በማግሥቱ ደግመው ያስፈቅዱኛል።

እኔ ደግሞ ተቀመጪ ሳይሉኝ አልቀመጥም፣ ተኚ ሳይሉኝ አልተኛም። እሳቸው እያሉ በቀን መተኛት ነውር መስሎ ይታየኛል። ባለፈው ረቡዕ ወጥ ጥጄ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ እሳቱን ያጠፉት እሳቸው ናቸው። ስባንን «የእኔ ልጅ፣ ማኔ ብቻዋን ናት፣ ልሂድላት» አሉኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አልቻልኩም። ቀን ከሌሊት ሰው ሳነሳ ሳስተኛ ነው የምኖረው፤ የባሌን እናት መጦር ግን አቃተኝ። ወገቤ ዕረፍት ካላገኘ እንደሚብስበት ነግረውኛል። አብዮትም አልቻለም፤ ይሞታል እንጂ አይናገረውም። የተቀየምሽኝ እንደሆነ እዚህ ላይ አቁሚና ቅደጅው።

የውብዳር


ሲያትል፣ ጥር 28 ቀን 2017

የውብዬ፣

ደብዳቤሽን ባሱ ውስጥ አነበብኩት። አልቀደድኩትም። እኔም አልቻልኩም ነበር። ይኸው ጻፍኩት፣ ሰማዩም አልተደፋብኝ።

ከባለቤቴ ከተለየሁ ወዲህ ከቤቴ ስገባ ጫማዬን ወርውሬ ዝም ብዬ መቀመጥ ነው የምፈልገው። እማዬ ካለች ግን አልወረውርም፤ ፈገግ ብዬ ነው የምገባው። እሷም ቀኑን ሙሉ ታማ ውላ «ደህና ነኝ» ትለኛለች። ሁለት ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ እየተሳሳቀ እንዴት እንዲህ ይደክማል? ማርያማዊት ብቻ ነበረች እውነቱን የምትናገር፣ እሷንም ሥርዓት ያዢ አልኳት።

አሁን ባቡር ውስጥ የሆነውን ልንገርሽ። እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። ኦሪገንን እያቋረጥን፣ ውጪው በረዶ ብቻ ሆኖ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ተደግፌ ነበር። እማማ ነጂባ ስለ ቤታቸው ያወራሉ። ቱክዊላ የአረጋውያን አፓርትመንት ውስጥ ለብቻቸው ነው የሚኖሩት፤ የምታግዛቸው ሴት በቀን ትመጣለች፣ ልጃቸው ሲመጣ አብልተው ይሸኙታል። እማዬ ልጅሽ አይከፋውም ወይ አለቻቸው። ሳቁና ልጅ እንግዳ ሲሆን እንዴት ጨዋ እንደሚሆን ባየሽ አሏት። እማዬም ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ዘመኔ።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦ «ሁለቱም ይወዱኛል። ማኔ ስትደክም አብዮት ናፈቀኝ እላለሁ፤ አብዮት ቤት ሲደክማቸው ማኔ ናፈቀችኝ እላለሁ። እንግዳ ሆኖ መኖር ግን ይደክማል፣ ነጂባ።»

ይሄን ሁሉ ሰምቼ በማግሥቱ አምጥቼ አስረከብኩሽ፣ ያዘጋጀሽውን በልቼ ተመለስኩ። ብናገር እናቴን አልፈልግም ማለት መሰለኝ። እናቷን አውጥታ ጣለች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። አንቺ ባትጽፊ ኖሮ ዛሬም አልጽፍም ነበር።

የራሷ ቤት ይኑራት። እዚህ፣ ለእኔም ለነጂባም ቅርብ የሆነ። ለአብዮት እንዴት እንደምንነግረው አንቺ አስቢበት።

ማንአልሞሽ


ኦክላንድ፣ የካቲት 16 ቀን 2017

እትዬ፣

የቤቱን ሐሳብ ስነግረው አብዮት ደውሎ ስለጮኸብሽ እኔ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ዘግተሽበት ከሆነ ደግ አደረግሽ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ምን ሆነ ላልሽው፣ ቤቱን ሲዞር ቆየና በመጨረሻ እማማ ፊት ቆመ። ማኔ መጦሪያ ልታስገባሽ ነው፣ እኔ እያለሁ አይደረግም አላቸው።

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉና «መጦሪያ አይደለም። ቤት ነው» አሉት።

ለካ እኛ ይሄን ሁሉ ወረቀት ስንጽፍ እሳቸው ሥራቸውን ጨርሰዋል። እኔ ተኝቼ አብዮት ሥራ ላይ ሲሆን ከእማማ ነጂባ ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ከርመዋል። ነጂባ ያሉበት ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሴትዮ ኦሃዮ ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው፤ የኃላፊዋን ስም ሳይቀር ያውቁታል። ፀሐይ በየት በኩል እንደሚገባ ጠይቀዋል፤ የጠዋት ፀሐይ አለው ተብለዋል። አብዮት ይሄን ሲሰማ ተቀመጠ። ለምን አልነገርሽኝም አላቸው። «ይከፋሃል ብዬ» አሉት።

እሱ አሁንም አኩርፏል። አንቺንም እኔንም አያናግርም። ግን ፋሲካን ከእኛ ጋር ውለው እኔ ላምጣቸው ስል፣ እኔ ራሴ ነኝ የማደርሳት ብሎኛል። አንቺ ይዘሻቸው እየመጣሽ፣ እኔ እየወሰድኩ እሱ በዚያ ባቡር ሄዶ አያውቅም። ሥራ አለብህ አልኩት፣ ዘጋኝ።

የውብዳር


ሲያትል፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017

የውብዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። የላክሽው ድፎ ዳቦ ባቡር ላይ ሳያልቅ ግማሹ ደርሶኛል። በደህና መግባታቸውን በስልክ ነግሬሻለሁ፤ የቀረውን ግን እማዬ ስለምትሰማ እዚህ ልጻፈው።

ጣቢያ የደረስኩት ባሴን መልሼ ነው፤ ባቡሩም ዘግይቶ ነበር። እማዬ ቀድማ ወረደች፣ እንደ ልማዷ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ያበጠ እግሯን እያሻሸች፣ ደህና ነኝ አለችኝ። አብዮት ከኋላዋ ሻንጣዋን ይዞ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ጀርባውን ማቃናት አቅቶታል። ሰላም ሳይለኝ «ማኔ፣ በዚህ ነው ስናመላልሳት የኖርነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሻንጣውን ልቀበለው ብል አልሰጠኝም።

ኩርፊያው ለቀቀው ወይ ላልሽው፣ በማግሥቱ ቱክዊላ ሄዶ ቤቱን አየ። የማይነካው ነገር የለም፤ ቧንቧውን ከፈተ፣ መስኮቱን ገፋ፣ የመታጠቢያ ቤቱን የግድግዳ መያዣ ሊነቅለው እስኪደርስ ሳበው። እንከን አጥቶ የተናደደ ሰው ነው የሚመስለው። በመጨረሻ «መያዣው ጥሩ ነው» አለ። ከእሱ ይሄ ብዙ ነው፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቤቱ እስኪለቀቅ እኔ ጋ ትቆያለች።

አንቺ ተኚ። ማንም የለም፣ ጠግበሽ ተኚ።

ማንአልሞሽ


ሲያትል፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017

የውብዬ፣

ሳልጽፍልሽ ክረምቱ ሊያልቅ ነው፣ አትቀየሚኝ። ወገብሽ መዳን መጀመሩን አብዮት ነገረኝ፤ ደስ ብሎኛል። እማዬ እንዴት ናት ላልሽው፣ ሰኔ ውስጥ ነው የገባችው። ሻንጣዋን ከፍታ ልብሷን ሁሉ ሰቅላዋለች። ጠዋት የምትነሳው አርፍዳ ነው፤ ፀሐዩ አልጋዋ ላይ ሲደርስ። በዚያ ሁሉ ዓመት እማዬ እንቅልፍ የምትወድ ሰው መሆኗን አላውቅም ነበር።

ሰው ምን አለ ብለሽኛል። ቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴት ቀርባ እናትሽን የት አደረስሻቸው አለችኝ። ቤታቸው ናቸው አልኳት። አፍጥጣ አየችኝና ዞር ብላ ሄደች፤ ከቅዳሴ በኋላ ግን ጓሮ ጠብቃ ቤቱ እንዴት እንደሚገኝ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

እሑድ እሑድ እኔና ማርያማዊት እንሄዳለን። መጀመሪያ የሄድን ዕለት ሳህን ላጥብ ብነሳ ተቀመጪ አለችኝ። ሲመሻሽ ደግሞ «በይ ነገ ሥራ አለብሽ፣ ሂጂ» ብላ እስከ አሳንሰሩ ሸኘችኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ ከቤቷ ሸኘችኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት፤ ግን ከዚያ በኋላ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ወርውሬ ተቀመጥኩ፣ ሳቄም መጣ። ሁለቱም ተሰምቶኛል፤ አንዱን መርጬ ልነግርሽ አልችልም።

ያለፈው እሑድ የእናንተን ልጆች ላያቸው ነው፣ ቲኬት ቁረጪልኝ አለችኝ። ሐኪሟም ለጥየቃ ከሆነ ትሂድ ብሏል። እኔ ላድርስሽ ብላት አያስፈልግም፣ ነጂባም ልጇ ጋ ትሄዳለች፣ አብረን ነን አለችኝ። እንዳልከፋኝ ሆኜ ስልኬን አውጥቼ ቆረጥኩላትና አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው።

«መመለሻውስ?» አለችኝ።

እንደ ልማዳችን መመለስ ስትፈልጊ እንቆርጣለን አልኳት። ስልኩን መለሰችልኝ። «መመለሻውን አብረሽ ካልቆረጥሽ አልሄድም» አለች፤ ሳትቆጣ፣ ዝም ብላ ነው ያለችው። ቆረጥኩላት። ስቆርጥ ነው የገባኝ። የውብዬ፣ እኔም አንቺም በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን መመለሻ ቆርጠንላት አናውቅም።

በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ይነሳሉ፤ ፍልሰታ በተፈታበት ዓርብ ጠዋት ትደርሳለች። አብዮት ጣቢያ ይቀበላት፣ ሶፋውን አንቺ ዘርጊላት። ልትሄድ ስትነሳ እንደ ወጉ ትንሽ ይቆዩ ብለሽ ለምኛት፣ አብዮትም ይለምናት፣ ልጆቹም ቀሚሷን ይያዙ። አትቆይላችሁም። ቢሆንም አጥብቃችሁ ለምኗት።

እህትሽ ማንአልሞሽ